ሁለት ደቂቃ ሄዳ የምትጠፋው ሳይክል

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ክረምቱ ወጣ። ጭቃው ገና በደንብ አልደረቀም፣ ግን ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለችው ኮረኮንች ለሳይክል ትሆናለች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሳይክሌን ከቆርቆሮው ጥግ አወጣኋት፣ ላስቲኩን ገፈፍኩላት፣ ጎማዎቿን ነፋሁ፣ ትናንት ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የገዛሁትን ቤንዚን ዘይት ቀላቅዬ ጨመርኩላት።

ለማያውቃት፣ ተራ ባለ 26 የቻይና ሳይክል ነች። መሃሏ ላይ ትንሽ ሞተር ተገጥሞላታል፣ ቱ ስትሮክ የሚሉት፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት። ሞተሩ በካርቶን ተበታትኖ ነው የመጣው። የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ ገዝቶልኝ ሁለት ቀን ፈጅተን ገጠምነው። በእግር ተመትቶ ሞተር የሚያስነሳ መምቻ የላትም። ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን፣ ይዘህ ፔዳል ትመታለህ፣ ፍጥነት ስታገኝ ትለቀዋለህ፣ የኋላ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ይነሳል።

ወደ ከተማ አልወርድባትም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ ከተከለከለ ወዲህ እንጦጦን ተሻግሬ ጣጣ መግዛት አልፈልግም። የምፈልጋት እዚሁ ሱሉልታ ነው፣ ከቤት እስከ ሥራ፣ በጫንጮ መንገድ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ።

ያቆምኳት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ዝም ብዬም አልጣልኳትም። ካቴናዋን ግራሶ ቀባሁ፣ ካርቡሬተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን፣ በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ ውሃ ይገባበታል ብዬ የጠረጠርኩትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንኩ። የእኛን ሰፈር ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዝናቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ነው የሚመጣው።

ቁልቁለቱ ላይ ሦስቴ ሞከርኩ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ ይዞራል፣ ግር ግር ይላል፣ በቃ። ሦስተኛው ላይ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ከኋላዬ መጥተው አለፉኝ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ሯጭ የማይታይበት መንገድ የለም። አንዷ ዞር ብላ "በርታ!" አለችኝ። ሞተር ላይ ተቀምጬ በእግሩ የሚሮጥ ሰው አበረታታኝ። እሺ።

ቤት መለስኳትና ሥራ ጀመርኩ። ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፣ እሳት፣ ቤንዚንና ኮምፕሬሽን (እመቃ)። ከእሳቱ ጀመርኩ። የቤንዚኑን መክፈቻ ዘጋሁ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፈታሁ፣ ከሽቦው ካፕ ጋር መልሼ አገናኘሁትና ብረቱን ሞተሩ ላይ አስደገፍኩት። የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስቼ ፔዳሉን በእጄ አዞርኩ። እሳቱ በብርሃን ስለማይታይ ጋቢ ተከናነብኩ። እማዬ ከበሩ ላይ "ምን እየሆንክ ነው?" አለች። ጋቢ ተከናንቦ ሳይክል ያቀፈ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

እሳት የለም። ምንም።

ከሞተሩ ሰማያዊና ጥቁር ሽቦ ይወጡና ሲዲአይ ወደምትባለው፣ ለካንዴላው እሳት ወደምትሰጠው ትንሽ ጥቁር ሣጥን ይገባሉ። ነጭ ሽቦም አለች፣ እሷን ከመጀመሪያውም በፕላስተር ጠቅልዬ ትቻታለሁ። ሞተሩን የሚያጠፋው መሪው ላይ ያለው ቁልፍም የሚያያዘው ከሰማያዊውና ከጥቁሩ ጋር ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቤት መብራት ቁልፍ ሽቦዎቹን ሲያገናኝ ያበራል፣ ይሄኛው ሲያገናኝ ያጠፋል። ስትጫነው ሁለቱን ሽቦ ያገናኛቸዋል፣ ኃይሉ ወደ ካንዴላው ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ውስጡ ውሃ ከገባ ቀኑን ሙሉ ተጭነኸው እንደዋልክ ነው።

የቁልፉን ሽቦ ነቀልኩና ተመልሼ ጋቢው ውስጥ ገባሁ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ሰማያዊ እሳት! ቁልፉን ስፈታው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ነው፣ ሻጋታ የበላው ዳቦ መስሏል። ቀዳዳ ሁሉ ደፍኛለሁ ያልኩት ሰውዬ ይሄን ረስቼዋለሁ።

ደብተሬ ላይ "ችግሩ ተገኘ" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ካንዴላውን አሰርኩ፣ ቁልቁለቱን ወረድኩ። አልነሳችም።

እሑድ፣ መስከረም 11

ትናንት ማታ ካንዴላውን እንደገና ሳወጣው ደረቅ ነበር። ያን ሁሉ ፔዳል ተመትቶ ካንዴላው ካልረጠበ ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው። ዛሬ የካርቡሬተር ቀን ነው።

ሁለት ብሎን ፈትቼ ከሥሩ ያለችውን ጎድጓዳ ኩባያ አወጣሁ። እንደጠበቅኩት ነው። ቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚን ውስጡ እንዳለ ሦስት ወር ከቆመ ቤንዚኑ ይተንና ዘይቱ ይቀራል። የቀረው እንደ ማር የወፈረ፣ ቡናማ፣ ጣት የሚያጣብቅ ነገር ነው። መሃል ላይ ቤንዚን የምትመጥን ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፣ ጄት ይሏታል። ወደ ፀሐይ አቅንቼ አየሁባት፣ ማዶ አይታይም።

መርፌ እንዳትጠቀሙ። ጄቷ ነሐስ ስለሆነች መርፌ ቀዳዳዋን ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ልኳ አይገኝም። እኔ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዝዤ ነው የጠረግኳት። መዳብ ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል እንጂ አይጭርም። በቤንዚን አጥቤ ንፋስ ሰጠኋት፣ ቀዳዳዋ ክብ ሆና ሰማይ ታየባት። ደስ ይላል እኮ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ስታጸዳ ትልቅ ሥራ የሠራህ ይመስልሃል።

ግን ሌላም ነገር ነበር። ኩባያዋ ታች ላይ እንደ ሜርኩሪ የሚንከባለሉ ግልጽ ነጠብጣቦች አየሁ። ጎንበስ ሳደርጋት ቤንዚኑን ሰንጥቀው ይሮጣሉ፣ አይቀላቀሉም። ውሃ! ከሃይላንዱ የተረፈውን ቤንዚን በጠርሙስ ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ታች አንድ ጣት የሚሆን ሌላ ፈሳሽ ተኝቷል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ትንሽ ከታገሥከው ራሱን ያጋልጣል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እንዳይገባባት ስጠብቃት ከርሜ በመጨረሻ ውሃውን ገንዘብ ከፍዬ ነው ያስገባሁላት።

ሰልባትዮውን፣ የቤንዚን ታንከሩን፣ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ ገልብጬ አዋልኩት። ሞተር ያለው ጓደኛዬ ከራሱ ሰልባትዮ ሁለት ሊትር ቀዳልኝ። ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ማለትም አንድ ለ25። የምለካው ከፋርማሲ በገዛሁት 20 ሚሊ ሲሪንጅ ነው፣ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሊትር። በዓይን ግምት የሚቀላቅሉ አሉ። ዘይት ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል፣ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ስለዚህ እኔ ሲሪንጄን አምናለሁ።

ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞላሁት። ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁ። መሸ፣ ነገ ሥራ አለ።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ተነሳች!

ከሥራ መልስ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንደኛው ሙከራ ላይ ተነሳች። ነጭ ጭስ፣ ያ የሚያስነጥስ የዘይት ሽታ፣ የሰፈር ውሾች ሁሉ ከኋላዬ። አስፋልቱ ድረስ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ መመለስ ጀመርኩ። ከዚያ ድምፁ ድንገት ከፍ አለ። ነዳጅ ሳልሰጣት ራሷ ጮኸች፣ ትንሽ ቆየችና ጸጥ አለች።

ፔዳል መታሁ፣ አልነሳችም። ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፣ ጭጭ። ገፍቼ ቤት አስገባኋት።

ቤንዚን አልቆባት እንዳይሆን ብዬ ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፣ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ዘጋሁት። እስቲ አንዴ ልሞክር ብዬ ብወርድ ወዲያው ተነሳች! እንደገና ሁለት ደቂቃ ሄደችና እንደገና ጠፋች።

ምንድን ነው ጉዱ?

ቅዳሜ፣ መስከረም 17፣ መስቀል

ዛሬ ሥራ የለም። ጎረቤታችን ጋሼ ለቡና ጠሩኝ። ጋሼ ድሮ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። እጃቸው ላይ እስከ ዛሬ የማይለቅ ጥቁር መስመር አለ። ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ስትጠፋብህ ሞተሩ ግሏል?"

"አዎ ጋሼ፣ ይግላል።"

"በቃ ኮይሉ ነው። ሲግል ሽቦው ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። አልቋል።"

ኮይል የሚሉት እሳቱን የሚያመነጨውን የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። አሳማኝ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ አለ፣ ብዙ አሮጌ ሞተር ላይ ይታያል። ቴስተር ይዤ መጣሁ። ቀዝቃዛ እያለ በሰማያዊውና በጥቁሩ መካከል 340 ኦም አሳየኝ። አስነሳኋት፣ ሰፈር ዞርኩ፣ ጠፋች፣ ሮጬ ለካሁ። 372። ጋሼ "አየህ፣ ጨመረ!" አሉ። ግን መዳብ ሲግል መጨመሩ ያለ ነው፣ በየአንድ ዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ። 340 ወደ 372 የሄደው ወደ 24 ዲግሪ ስለሞቀ ነው፣ ጤነኛ ኮይል የሚያደርገውን አደረገ። ሽቦው ቢለያይ ኖሮ ቴስተሩ ጭራሽ ምንም አያነብም ነበር።

ይሄን ለጋሼ በትህትና አስረዳሁ። ጋሼ በትህትና አልተቀበሉኝም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ሄድኩ። እንደጠፋች ወዲያው፣ ሳትቀዘቅዝ፣ ካንዴላውን አወጣሁና ጋቢዬ ውስጥ ገባሁ። እሳቱ እንዳለ አለ፣ ያውም ጥርት ያለ። ጋሼን ጠራኋቸው። እሳቸውም ጋቢው ውስጥ ገብተው አዩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በመስቀል ቀን አንድ ጋቢ ውስጥ። "እሳትስ አለ" አሉ ሲወጡ። ኮይሉ ነጻ ወጣ።

ካንዴላውን በእጄ እንደያዝኩ ቀለሙን አየሁት። ነጣ ያለ፣ ደረቅ። ይሄ አንድ ሌላ ሐሳቤንም ገደለው። የእኛ ሰፈር ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፣ ቤንዚኑ ግን ከፋብሪካ በወጣው ልክ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ሞተር የሚያስቸግረው ቤንዚን በዝቶበት ነው፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። አምና በዚህ ምክንያት ቤንዚኑ እንዲቀንስ የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አድርጌዋለሁ። አሁንም ሰው ሁሉ "ከፍታው ነው፣ ከፍታው ነው" ይለኛል። ነጭ ካንዴላ ግን ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። ቤንዚን አነሳት። ከመጥፋቷ በፊት ድምፅዋ ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው፣ ቤንዚን ሊያልቅባት ያለች ሞተር መጨረሻ ላይ እንዲህ ትጮሃለች።

ወይ ቤንዚን ያንሳታል፣ ወይ የማላውቀው አየር የሆነ ቦታ ይገባባታል።

እሑድ፣ መስከረም 18

አየር ነው ብዬ ደመደምኩ። ስህተት እንደነበር አሁን አውቃለሁ፣ ግን ማስታወሻ ነውና እንደተደረገው እጽፈዋለሁ።

ካርቡሬተሩ ከሞተሩ የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን፣ መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተልጦ ነበር። በአዲስ ቆርጬ ቀየርኩት። ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ረጨሁ፣ አየር የሚስብ ከሆነ አረፋውን ይውጠዋል፣ ድምፁም ይቀየራል። ምንም አልተቀየረም። ጠፋች።

እልህ ያዘኝና ቴስታታውንም፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ አወጣሁ። የፒስተኑ ቀለበት (ፋሻው) ደህና፣ ሲሊንደሩ አልተጫረም። ክፍት ካገኘሁት አይቀር ብዬ ለካሁት። ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው 38። የክቡን የቆዳ ስፋት በዚህ ርዝመት አባዙትና 65.9 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) ይመጣል፣ 66 በሉት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን 80 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ "ሰማንያ ሲሲ ነች" እያልኩ ያወራሁላቸው ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ገጠምኩት። ተነሳች። ጠፋች። ራት በልቼ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ዛሬ ምንም አልፈታሁም። የሥራ ቦታ ጓደኛዬ "ዝም ብለህ ቁጠር" አለኝ፣ እውነቱን ነው። ስልኬን አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ።

ሰልባትዮው እስከ አፉ ሲሞላ ከሁለት ደቂቃ በታች ሄዳ ትጠፋለች። ወደ ግማሽ ሲወርድ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ትሄዳለች። ይሄ እብደት ነው። ቤንዚን ሲበዛላት ቶሎ የምትጠፋ፣ ሲያንሳት የምትቆይ ሞተር እኔ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር። ከጠፋች በኋላ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ሩብ ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች። ቤንዚን ከጨመርኩ ወይም ከፍቼ ካየሁ ግን ወዲያው ትነሳለች።

ሦስተኛው። ከጠፋች በኋላ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅዬ አየሁት፣ ቤንዚኑ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ቤንዚን አልተዘጋም።

እነዚህን ሦስት መስመሮች ጽፌ አልጋዬ ላይ ሆኜ አፈጠጥኩባቸው። ሦስተኛው እውነት ከሆነ ሁለተኛው አይገባኝም። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ሦስተኛው አይገባኝም። ከለሊቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሊወስደኝ ሲል፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተነስቼ ተቀመጥኩ። ቱቦውን ከመንቀሌ በፊት ምን አደረግኩ? ሁሌም የማደርገውን። ክዳኑን ከፍቼ ቤንዚን መኖሩን አየሁ።

ማለትም ለማየት በከፈትኩ ቁጥር በሽታውን እያዳንኩት ነበር። ከዚያ "ጤነኛ ነው" ብዬ እጽፋለሁ።

በሌሊት ሞተር አይነሳም፣ እማዬ ትገድለኛለች። እስከ እሑድ ሥራ በዝቶብኛል። ግን አሁን የት እንዳለ አውቄያለሁ፣ ቢያንስ ይመስለኛል።

እሑድ፣ መስከረም 25

ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞላሁት፣ ሆን ብዬ። ጋሼም ወጥተው በራቸው ላይ ወንበር አስቀመጡ። ተነሳች። በጫንጮ መንገድ አቅጣጫ ሄድኩ፣ ያ ጩኸት መጣ፣ ጠፋች። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ።

ክዳኑን አልነካሁም። እጄ በልማድ ሄዶ ነበር፣ መለስኩት። ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቀልኩ። ጠብ። ጠብ። አንድ ጠብታ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፣ አልወደቀችም። ከላይ ሁለት ሊትር ቤንዚን አለ፣ ከታች አንዲት ጠብታ።

ቱቦውን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ክዳኑን በሌላው ፈታሁት። ፉሽሽሽ! አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁት። በዚያው ቅጽበት ቤንዚኑ ከቱቦው ፈልቆ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ቤንዚን ከሰልባትዮ ሲወርድ ቦታውን የሚተካ አየር መግባት አለበት። አየሩ የሚገባው ክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፣ ቤንዚኑን ወደ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። የጀሪካን ዘይት ስትቀዳ ከላይ ካልበሳኸው ጉርጭ ጉርጭ እንደሚለው ማለት ነው። ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለችው አየር ጥቂት ስለሆነች ትንሽ ቤንዚን ሲወርድ ወዲያው ትሳሳለች፣ ስለዚህ ሁለት ደቂቃ። ግማሽ ሲሆን አየሩ ብዙ ነው፣ ሲለጠጥ ይቆያል፣ ስለዚህ አምስት። ያበደ የመሰለኝ ቁጥር ሁሉ ልክ ነበር።

ክዳኑን አገላብጬ አየሁት። ከላይ፣ ክሮሙ መሃል ላይ፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር አለች። እስከ ዛሬ እድፍ ነው ብዬ አልፌያታለሁ። በጥፍሬ ጫርኳት፣ ለሰለሰች። አሸተትኩት።

ጧፍ!

ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ በዚች ቀዳዳ ውሃ ይገባል ብዬ የእማዬን ጧፍ ለኩሼ ያንጠባጠብኩባት እኔ ነኝ። ውሃ ይገባበታል ያልኩትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኛለሁ ብዬ እዚሁ ደብተር መጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌያለሁ። በኩራት ነበር የጻፍኩት።

ያቺኑ የመዳብ ክር አመጣሁ፣ ጫፏን በክብሪት ሞቅ አድርጌ ቀዳዳዋን ጠረግኩ። በአፌ ነፋሁ፣ አሳለፈች። ዘግቼ አስነሳኋት። ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር። ጫንጮ መንገድ ላይ እስከ ሥራ ቦታዬ ሄጄ ተመለስኩ፣ 16 ኪሎ ሜትር፣ አንዴም አልጠፋችም። አንድ ቦታ ላይ የሚሮጡ ልጆችን አልፌያቸው "በርታ!" ልል አሰብኩ፣ ተውኩት።

ጋሼ በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር።

"ምን ሆኖ ነው?"

"የክዳኑ ቀዳዳ ተደፍኖ ነው ጋሼ።"

"ማን ደፈነው?"

ዝም አልኩ። ጋሼ ገባቸው። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፣ ወንበሩን ይዘው ነው የሳቁት። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው "እኔ ግን አሁንም ኮይሉን ቀይረው እልሃለሁ" አሉ።

እማዬ ደግሞ ከውስጥ ሆና ስታዳምጥ ኖራ "ሰኔ ላይ የጠፋብኝ ጧፍ!" አለች። ሦስት ወር የጎረቤት ልጅ ላይ ስትጠረጥር ነበር።

የቀሩኝ ሥራዎች። ለሚቀጥለው ክረምት ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ለክዳኑ ቆብ እሠራለታለሁ፣ ዝናቡን ከላይ የሚከልል፣ ከሥር ግን አየር የሚያስገባ። የኋላ ጎማዋ ሁለት ራጂ ላልቷል። መሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ ቁልፍ ደግሞ እስካሁን አልቀየርኩም፣ ሽቦው እንደተነቀለ ነው። ለጊዜው የማጠፋት የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቼ እስክትጨርስ በመጠበቅ ነው። ትንሽ ጮኻ ትጠፋለች፣ ያንን ጩኸት አሁን በደንብ አውቀዋለሁ።